ምዕራፍ ሰባት፦ የጻፈበትን ሰው በማግስቱ የሚያገኝ

በ1920 አንድ አባት ለልጁ የሠርግ ስጦታ ብሎ ጋዜጣ ገዛለት። ቤት ወይም መሬት ሳይሆን ጋዜጣ፤ ያውም አንባቢው በመቶዎች የሚቆጠር፣ ፊደሉ በእጅ እየተለቀመ የሚታተም፣ በሳምንት አንዴ የሚወጣ የደሴት ጋዜጣ። ሙሽራው ሄንሪ ቢትል ሃፍ፣ ሙሽራዋ ኤልዛቤት ቦዊ ይባላሉ። እሷን ሰው ሁሉ ቤቲ ይላታል። ጋዜጣው ቪንያርድ ጋዜት ነው፤ ከ1846 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ጠረፍ አጠገብ በምትገኘው በማርታስ ቪንያርድ ደሴት ይታተማል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስጦታው እንግዳ የሚሆነው ተቀባዩ ማን እንደነበረ ሲታወቅ ነው። ሃፍ በ1918፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለ የፑሊትዘር ሽልማት ወስዷል። የአሜሪካ ጋዜጦች ባለፈው ዓመት ለሕዝብ ያበረከቱትን አገልግሎት የሚተርክ ጽሑፍ ከሚና ሉዊንሰን ጋር አዘጋጅተው ነበር። ሽልማቱ በዚያ ዘርፍ ከዚያ በኋላ ለማንም አልተሰጠም። ሉዊንሰንም በጋዜጠኝነት ዘርፍ ፑሊትዘር ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። እንዲህ ያለ ወጣት በኒው ዮርክ ትልልቅ ጋዜጦች ደጅ ቢጠና የሚመልሰው አልነበረም። እሱ ግን ሚስቱን ይዞ ወደ ደሴት ገባ፤ ከዚያም ለ65 ዓመት ያህል ከዚያ ጋዜጣ አልተለየም።

ይህ ምዕራፍ ስለ ሃፍ ቢሆንም የሕይወት ታሪኩን አይተርክም። ጥያቄዬ ሙያው ላይ ነው። በደሴት ጋዜጠኛ መሆን በዋና ከተማ ጋዜጠኛ ከመሆን በምን ይለያል? ብዙ ሰው ልዩነቱ በዜናው ማነስ ይመስለዋል። እኔ ግን ልዩነቱን የማየው በባሕሩ ላይ ነው። የከተማ ዘጋቢ ጽፎ ይሄዳል፤ የደሴት ዘጋቢ ጽፎ የትም አይሄድም። ዓርብ ስሙን ያወጣውን ሰው ቅዳሜ ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ ያገኘዋል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከጎኑ ይቀመጣል፣ ሰኞ መርከብ ላይ ይገጥመዋል። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለው መልካምም ሆነ መጥፎ ነገር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ይመስለኛል።

ማርታስ ቪንያርድ ስድስት ከተሞች አሏት። ኤድጋርታውን በዓሣ ነባሪ አደን የበለጸገች የካፒቴኖች ከተማ ነበረች፤ ከደሴቲቱ በስተ ምዕራብ ጫፍ ያለችው አኩዊና ደግሞ የጥንቶቹ ባለርስቶች የዋምፓኖአግ ሕዝብ አገር ናት። ከዋናው ምድር ከዉድስ ሆል ወደብ በመርከብ 45 ደቂቃ ያህል ነው። ይህች 45 ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች። በብርዱ ወራት ንፋስ ሲነሣና መርከቡ ሲቀር ግን ወተቱም፣ ፖስታውም፣ ቀጠሮ ያለው በሽተኛም በያለበት ይቆያል። ስለዚህ የመርከቡ የጊዜ ሰሌዳ፣ የትኬቱ ዋጋና የመኪና ቦታ ሽሚያው በደሴቲቱ ጋዜጣ ላይ የማይጠፉ ርዕሶች ናቸው። የዋሽንግተን ፖለቲካ ለደሴት አንባቢ ሁለተኛ ነው፤ መጀመሪያ ነገ ጠዋት መርከብ ይኑር አይኑር ማወቅ ይፈልጋል።

ሌላው የዘጋቢው የዘወትር ሥራ የከተማ ጉባኤ ነው። በዚያ አካባቢ ከተሞች የምርጫ ካርድ ያለው ነዋሪ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ በአዳራሽ ተሰብስቦ በጀቱን በራሱ እጅ ያጸድቃል። አዲስ የፖሊስ መኪና ይገዛ አይገዛ፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ይጠገን አይጠገን እየተባለ በየተራ ይመከራል፤ ተቃዋሚው ተነሥቶ ይናገራል፣ ደጋፊው ይመልሳል፣ ከዚያ እጅ ይወጣል። ዘጋቢው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። ከሚጨቃጨቁት አንዱ የቤቱ አከራይ፣ ሌላው የልጁ አስተማሪ፣ ሦስተኛው ጋዜጣው በማስታወቂያው የሚተዳደርበት የሃርድዌር ሱቅ ባለቤት ነው። ሦስቱም በሚቀጥለው እትም ንግግራቸውን ይፈልጋሉ። ያላሉትን አሉ ከተባለ ስልክ መደወል አያስፈልጋቸውም፤ ቢሮው ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ።

ይህ ቅርበት ለትክክለኛነት ከየትኛውም የአርትዖት መመሪያ የበለጠ ጠባቂ ነው። የሟች ዜና ሕይወትን እንውሰድ። ትልቅ ጋዜጣ የሚያወጣው የታዋቂዎቹን ብቻ ነው፤ የደሴት ጋዜጣ የሁሉንም ያወጣል። ዓሣ አጥማጁም፣ የፖስታ ቤት ጸሐፊዋም፣ ካፒቴኑም ሲያርፉ እኩል ቦታ ይጠብቃቸዋል። አንባቢው ሟቹን ከዘጋቢው በላይ ያውቀዋል። የጀልባዋ ስም ከተሳሳተ፣ የመጀመሪያዋ ሚስት ከተረሳች፣ የልጆቹ ቅደም ተከተል ከተዛባ ሳምንቱን ሙሉ የሚያነሣው ጉዳይ ይሆናል። በሃፍ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ እያንዳንዷ ፊደል ከሣጥን እየተለቀመች፣ ወደ ኋላ እየተነበበች፣ በብረት ዘንግ ላይ ትደረደር ነበር። ስም ማረም ማለት መስመሩን ፈትቶ እንደገና መደርደር ነበር።

ጉዳቱ ደግሞ ዝምታ ነው። በትናንሽ ማኅበረሰቦች ያሉ ጋዜጠኞች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ጉብኝት አለ። የፍርድ ቤት መዝገብ ከመታተሙ በፊት አንድ የተከበረ ሰው ወደ ቢሮ ይገባል፣ ስለ አየሩ ትንሽ ያወራል፣ ከዚያ ጠጥቶ ሲነዳ መያዙን አንሥቶ «ስሜ ባይወጣ» ይላል። ልጁ ሊያገባ ነው፤ እናቱ የልብ ሕመምተኛ ናት። ልመናው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ነው እምቢ ማለት የሚከብደው። ልምድ ያላቸው የአገር ቤት ጋዜጦች ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነው፦ ወይ የሁሉም ስም ይወጣል፣ ወይ የማንም አይወጣም። የአዘጋጁ የራሱ ወንድም ቢሆንም ይወጣል። ደንቡ የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ አዘጋጁን ነው፤ «እኔ አይደለሁም፣ ደንቡ ነው» ብሎ ወዳጅነቱን እንዲያተርፍ ያስችለዋልና። ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ግን አይቻልም። ስንት ነገር ሳይጻፍ እንደቀረ ጋዜጣውን በማገላበጥ ማወቅ አይቻልም፤ ያልተጻፈ ነገር ማኅደር የለውም።

ሃፍ ይህን ኑሮ በ1940 ካንትሪ ኤዲተር በተሰኘ መጽሐፍ ተረከው፤ መጽሐፉም በአገሩ በሰፊው ተነበበ። ብዙ የከተማ ጋዜጠኛ ያንን አንብቦ የራሱን ትንሽ ጋዜጣ ስለ መግዛት ማለም ጀመረ ይባላል። ያለሙት ሁሉ ቤቲ ምን ያህል እንደምትሠራ ልብ ያሉ አይመስለኝም። ጋዜጣው የሁለቱ ነበር፤ እሷም ዜና ትለቅማለች፣ ታርማለች፣ ከደንበኛና ከማተሚያ ጋር ትታገላለች። በ1965 እስክታርፍ ድረስ ሥራው በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ነበር፤ ስሙ ግን ወደ አንዱ አዘነበለ። ሌላ ምሰሶ ጆሴፍ ቼዝ አለን ነው። ለአሥርታት የዓሣ አጥማጆቹን አምድ በራሳቸው አነጋገር የጻፈ ሰው ነው። ምን ያህል ተያዘ፣ የማን ሸራ ተቀደደ፣ የቱ ወደብ በረዶ ያዘው። የተማረ ሰው ቢጽፈው እንዲህ ባልጣፈጠ ነበር።

አንድ ትንሽ ጋዜጣ ለዓለም የሚተርፍ ዜና ሊኖረው ይችላል? የቪንያርድ ጋዜት መልስ የመጣው ከአንዲት የዱር ወፍ ነው። ሂዝ ሄን ትባላለች፤ ከጅግራ አነስ የምትል፣ ቡናማ መስመር ያላት ወፍ። በፀደይ ወንዶቹ ማለዳ በአንድ ሜዳ ተሰብስበው ከአንገታቸው ግራና ቀኝ ብርቱካንማ ከረጢት እየነፉ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ ያሰማሉ፣ ይዘላሉ፣ ይደናበራሉ። ዝርያዋ አንድ ጊዜ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ እንደ ልብ የነበረ ነው። በጥይትና በእርሻ መስፋፋት ከዋናው ምድር ስትጠፋ ከ1870ዎቹ ጀምሮ የቀረችው በማርታስ ቪንያርድ ብቻ ነበር። በ1908 የተከለለ መሬት ተሰጣት፤ ቁጥሯም ከጥቂት ደርዘን ተነሥቶ በ1916 ወደ 2 ሺህ ተጠጋ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር፣ ልክ እንቁላል ታቅፋ ሳለች፣ ሰደድ እሳት መፈልፈያ ሜዳዋን በላው። እንቁላልና እናት አብረው ሄዱ። ከዚያ ብርቱ ብርድ፣ ከሰሜን የጎረፉ ጭልፊቶች፣ ከቤት ዶሮ የተጋባ በሽታና የእርስ በርስ መዳቀል ተከታተሉ። በ1927 የቀሩት ወደ 13 ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። በ1928 መጨረሻ አንድ ወንድ ብቻ ቀረ።

ያ ወንድ በየፀደዩ ወደዚያው ሜዳ እየመጣ ይዘፍን ነበር፤ የምትሰማው ሴት ግን የለችም። አልፍሬድ ግሮስ የተባለ የወፍ ሊቅ እየተመላለሰ ይከታተለው ነበር፤ የደሴቲቱ ሰዎችም ቡሚንግ ቤን የሚል ስም አወጡለት። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ማርች 11 ቀን 1932 ነው። በቀጣዩ ፀደይ ሳይመጣ ሲቀር ቪንያርድ ጋዜት ነገሩን በአንድ አጭር ዜና አላለፈውም፤ ለወፏ ሰፊ ቦታ ሰጠ። ሃፍ የጻፈው የሟች ዜና ሕይወት ነው ማለት ይቻላል። የነጠላ ፍጡር ሞትና የዘር መጥፋት የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሁለተኛው ተከታይ የማይተው ሞት መሆኑን ለዓሣ አጥማጁም ለካፒቴኑም በሚገባ ቋንቋ አስረዳ። ዛሬ ዓለም ስለ ዝርያ መጥፋት ብዙ ይጽፋል። ያን ጊዜ ግን አንድ ዝርያ በትክክለኛ ቀን፣ በትክክለኛ ሜዳ፣ ሰዎች እያዩት ሲያልቅ መዝግቦ የያዘ ጋዜጣ ብርቅ ነበር። የሙያው ምስጢርም እዚህ ጋ ይታያል። ሃፍ የወፍ ሊቅ አልነበረም። ሜዳው የት እንዳለ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ እሳቱ የተነሣ ዕለት ነፋሱ በየት እንደነበረ የሚያስታውሱ ሰዎችን ግን በስም ያውቃቸው ነበር።

ሌላው ፈተና ከውጭ መጣ። ጁላይ 18 ቀን 1969፣ ዓርብ ሌሊት፣ ከኤድጋርታውን ጋር በጠባብ ወሽመጥ በምትለያየው ቻፓኩዊዲክ ላይ የሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ መኪና ከድልድይ ወደ ውኃ ወደቀ። ኬኔዲ ወጣ፤ አብራው የነበረችው የ28 ዓመቷ ሜሪ ጆ ኮፔክኒ ግን በመኪናው ውስጥ ሞተች። እሱም ለፖሊስ ያመለከተው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የሰው ልጅ ጨረቃን ረገጠ፤ ኤድጋርታውን ግን በዓለም ጋዜጠኞች ተጨናንቃ ነበር። ሆቴል ሞላ፣ የሕዝብ ስልክ ፊት ሰልፍ ሆነ፣ ጀልባ የሚያከራይ ሁሉ ሀብታም ሆነ። ጁላይ 25 ሴናተሩ በኤድጋርታውን ፍርድ ቤት ቀርቦ የአደጋ ቦታ ጥሎ በመሄድ ጥፋተኝነቱን አመነ፤ የሁለት ወር እስር ተፈርዶበት ቅጣቱ ታገደለት።

ሃፍ ያን ጊዜ 72 ዓመቱ ነበር። ጋዜጣውን በ1968 ለኒው ዮርክ ታይምሱ እውቅ አምደኛ ለጄምስ ሬስተን ሸጦ አዘጋጅነቱን ይዞ ቀርቶ ነበር። ጋዜጣው በዚያ ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማክሰኞና ዓርብ ይወጣል። አደጋው የደረሰው የዓርቡ እትም ከወጣ በኋላ ስለሆነ በራሱ ደጅ የሆነውን ነገር ዓለም ሁሉ ቀድሞ ዘገበው። ለደሴት ጋዜጣ ግን መቀደም ትልቅ ውርደት አይደለም። የመጡት ሁሉ ስለ ኬኔዲ ሊጽፉ ነው የመጡት፤ ደሴቲቱ ለእነሱ መድረክ ብቻ ነበረች። ፖሊስ አዛዡ፣ የወሽመጡ ጀልባ ሠራተኛ፣ ውኃው ውስጥ የጠለቀው ዋናተኛ ለውጭው ዘጋቢ የአንድ ሳምንት ምንጮች ናቸው። ለጋዜቱ ዘጋቢ ጎረቤቶች ናቸው፤ ካሜራው ሲሄድም አብረውት ይቀራሉ።

ይኸው ነገር በሌላ ባሕር በሌላ ዘመን ተደግሟል። ጃኑዋሪ 5 ቀን 1993 ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች ብሬር የተባለ መርከብ ወደ 85 ሺህ ቶን ድፍድፍ ነዳጅ እንደጫነ ሞተሩ ጠፍቶ ዓለት ላይ ወጣ። የዓለም ካሜራዎች በጥቁር ዘይት የተለወሰ ዳርቻ ፍለጋ ጎረፉ። ማዕበሉ ቀላሉን ዘይት እየናጠ በተነው፤ ጎብኚዎቹም የጠበቁትን ያህል ትዕይንት ሲያጡ ተመለሱ። የአገሬው ጋዜጠኞች ግን ስለ ሳልሞን እርባታውና ስለ ካሳው ለዓመታት መጻፍ ነበረባቸው። ከእነዚህ አንዱ ጆናታን ዊልስ የሼትላንድ ታይምስ አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። በኋላ ሼትላንድ ኒውስ የተሰኘ የኢንተርኔት ጋዜጣ ከፈተና በድሮ ጋዜጣው ርዕሶች ላይ ሊንክ አደረገ። ተከሰሰ። በ1996 የስኮትላንድ ፍርድ ቤት ጊዜያዊ እግድ ሰጠ፣ በ1997 ተስማሙ። ወደ 23 ሺህ ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ የሁለት ጎረቤት ጋዜጦች ጠብ በኢንተርኔት ሊንክ ላይ ከቀረቡ የመጀመሪያዎቹ ክሶች አንዱ ሆኖ የሕግ ተማሪዎች ዛሬም ያነሡታል። የቅርብ ጠብ ረጅም እጅ አለው።

ወደ ቪንያርድ ልመለስ፤ እዚያ አንድ የማያስማማ ጉዳይ አለና። ሃፍ መዝጋቢ ብቻ ሆኖ አልኖረም። በ1959 ከቤቲ ጋር ሸሪፍስ ሜዶው የተባለ የመሬት ጥበቃ ድርጅት መሠረተ፤ ዘመቻው ደግሞ በርዕሰ አንቀጹ ላይ በይፋ ነበር። በ1972 ኤድዋርድ ኬኔዲ፣ ያው ሴናተር፣ የደሴቶቹን መሬት ከግንባታ የሚከላከል ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ ሲያቀርብ ጋዜጣው ደገፈው። ደሴቲቱ ለሁለት ተከፈለች። «መሬታችንን ፌዴራል መንግሥት ሊወስድብን ነው» ያሉት ጥቂቶች አልነበሩም። ረቂቁ አልጸደቀም፤ ከጭቅጭቁ ግን በ1974 ግዛቲቱ ያቋቋመችው፣ በትልልቅ ግንባታዎች ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለው የማርታስ ቪንያርድ ኮሚሽን ተወለደ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ማክዶናልድስ ሱቅ ሊከፍት ሲል ሃፍ ከተቃዋሚዎቹ ፊት ቆመ፤ ኩባንያው ሐሳቡን ተወ። ዛሬም በደሴቲቱ ማክዶናልድስ የለም።

አዘጋጅ በዜና ገጹ ላይ ዳኛ፣ በርዕሰ አንቀጹ ላይ ተሟጋች፣ በድርጅቱ ውስጥ ባለጉዳይ ይሆናል ወይ? በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ብንጠይቅ አይሆንም ይሉናል፤ እኔም ከእነሱ ብዙ አልርቅም። ሆኖም ደሴት ላይ ገለልተኛ ማግኘት ይከብዳል። ሰው በእድሩ ጉዳይ ገለልተኛ ልሁን እንደማይለው ሁሉ፣ እዚያ የሚቀበር አዘጋጅም በመቃብሩ ሜዳ ላይ አስተያየት አለው። የሚጠየቀው አቋሙን በግልጽ ማስፈሩና የተቃዋሚውን ደብዳቤ ሳይቆርጥ ማተሙ ነው። የደብዳቤ ገጽ የደሴት ጋዜጣ ዋነኛ መድረክ የሆነውም ለዚህ ነው፤ አዘጋጁን የሚሰድብ ሰው ስድቡን እዚያው፣ በአዘጋጁ ወረቀትና ቀለም ያሳትማል።

ሃፍ በጁን 1985 በ88 ዓመቱ አረፈ። እስከ እርጅናው ማለዳ ማለዳ ውሻውን አስከትሎ ወደ ወደቡ መብራት በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ያየውንም ይጽፍ ነበር። ጋዜጣው ከሬስተን ቤተሰብ እጅ በ2010 ወደ ሌላ ባለቤት ተላልፎ እስካሁን ይወጣል። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የአካባቢ ጋዜጣ ሲሞት፣ 20 ሺህ ያህል ቋሚ ነዋሪ ያላት ደሴት ከቪንያርድ ጋዜት ሌላ ተፎካካሪ ጭምር ይዛ ኖራለች። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ያላቸው የበጋ እንግዶች ናቸው። የብርዱን ወራት ቦስተንና ኒው ዮርክ ሆነው ስለ ደሴታቸው ማንበብ ይፈልጋሉ፤ ለዚያም ይከፍላሉ። ሁሉም ደሴት እንዲህ ያለ ዕድል የለውም።

ዘጋቢዎቹ ዝግጁ መሆናቸው በሴፕቴምበር 14 ቀን 2022 ታየ። የፍሎሪዳ ገዥ ያስላካቸው ሁለት አውሮፕላኖች ወደ 50 የሚጠጉ ስደተኞችን፣ አብዛኞቹ ቬኔዝዌላውያን፣ ማንም ሳይነገረው በደሴቲቱ አራገፉ። የአገሬው ጋዜጠኞች ቦታው ላይ ለመድረስ መርከብ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ቤተ ክርስቲያኑ የቱ ክፍል አልጋ እንደሚዘረጋ፣ ስፓኒሽ የሚችለው አስተማሪ ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚደወል ያውቁ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ስደተኞቹ በዋናው ምድር ወዳለ የጦር ሰፈር ተወሰዱ፤ ከእነሱም ጋር የብሔራዊ ቴሌቪዥኖች መኪናዎች ወጡ።

ዛሬ ሙያውን ከሁሉ በላይ የሚፈታተነው ግን የቤት ኪራይ ነው። በደሴቲቱ የተለመደ ኑሮ አለ፤ ከመስከረም እስከ ግንቦት የተከራዩትን ቤት በሰኔ ለበጋ እንግዳ ለቅቆ ሌላ መጠጊያ መፈለግ። ነርሷም፣ መምህሩም፣ ጋዜጠኛውም ዕቃቸውን በመኪና ጭነው ይዞራሉ። እዚህ ላይ የሃፍ ውርስ ሁለት ፊት አለው። ሜዳው ተጠበቀ፣ ወደቡ አልተበላሸም፣ የመሬቱ ዋጋም ጣራ ነካ። ጥበቃው ብቻ አላናረውም፤ ሀብታም ገዥ ባይኖር ባዶ ሜዳ ዋጋ አያንርም። ሆኖም ትችቱን ጨርሶ ከንቱ ነው ማለት አልችልም። በ2022 ስድስቱም ከተሞች ለቤት መሥሪያ የሚውል ገንዘብ ከትልልቅ የቤት ሽያጮች እንዲሰበሰብ በድምፅ ደገፉ፤ የግዛቲቱ ምክር ቤት ፈቃድ ግን ያስፈልገው ነበር። ያንን ስብሰባ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚዘግበው ወጣት፣ እጅ ሲቆጠር ብዕሩን ይዞ ዝም ይላል፤ በሰኔ የት እንደሚያድር እሱም ገና አላወቀም።